ሲግማውን ማን ቀየረው? ባክቴሪያ መከራ ሲገጥመው ጂኖቹን የሚቆጣጠርበት መንገድ

ጥያቄ፦ «የመጨረሻ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ባክቴሪያ ሙቀት ወይም ረሃብ ሲገጥመው ሲግማ ፋክተሩ ይቀየርና ሌሎች ጂኖች ይነበባሉ ተብለን ተምረናል። ግን ሲግማውን ራሱን ማን ቀየረው? አንጎል የለው፣ ነርቭ የለው። ባክቴሪያ መድኃኒት ይለማመዳል የሚባለውስ ይኸው ነው ወይ? ለመመረቂያ ጽሑፌ ኢ. ኮላይን 42 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ አቆይቼ የዲናኬ ጂን ምን ያህል እንደተነበበ ልለካ አስቤአለሁ። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ «ሲግማውን ራሱን ማን ቀየረው?» የሚለው ጥያቄ ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው እንዲነሣ መምህር የማይመኘው ዓይነት ነው። እኔም ሸሽቼው አውቃለሁ፤ ዛሬ ግን ከእሱ ልጀምር። አጭሩ መልስ፣ ማንም አልቀየረውም የሚል ነው። ሲግማው፣ ማለትም የትኛው ጂን እንደሚነበብ የሚያመለክተው ፕሮቲን፣ ድሮም ይመረት ነበር፤ ነገር ግን ተመርቶ ሳይውል ሳያድር ይገደል ነበር። መከራው ሲመጣ ይዞ ለገዳዩ የሚያስረክበው ፋታ ያጣል፣ ሲግማውም በሕይወት ይቆያል።

ስለ ቃሉ አንድ ነገር ልበል። ይህን ሁኔታ ብዙዎች «ጭንቀት» ይሉታል። እኔን ግን ቃሉ የፈተና ዋዜማ ላይ ያለ ተማሪን እንጂ ባክቴሪያን ስለማያስታውሰኝ «መከራ» ማለት ይቀናኛል። መከራው ሙቀት፣ ረሃብ፣ አሲድ፣ ጨው፣ የዲ ኤን ኤ መሰበር ወይም መድኃኒት ሊሆን ይችላል።

በቤተ ሙከራ የምናሳድገው ኢ. ኮላይ 4.6 ሚሊዮን ፊደል ገደማ ርዝመት ባለው ዲ ኤን ኤ ላይ ወደ 4,300 የሚጠጉ ጂኖች አሉት። ይህን ሁሉ ወደ አር ኤን ኤ የሚገለብጠው አንድ ዓይነት መሣሪያ ነው፤ አር ኤን ኤ ፖሊሜሬዝ። መሣሪያው መገልበጥ ይችልበታል፤ ከየት እንደሚጀምር ግን አያውቅም። መነሻውን የሚያሳየው ሲግማ የሚባለው ተደራቢ ፕሮቲን ነው። ሲግማ ከመነሻው 10 እና 35 ፊደላት ያህል ቀደም ብለው የሚገኙ ሁለት አጫጭር ምልክቶችን ለይቶ ፖሊሜሬዙን እዚያ ያሳርፈዋል። ኢ. ኮላይ ሰባት ሲግማዎች አሉት። የዘወትሩ ሲግማ 70 ነው፤ ቁጥሩ ክብደቱን በኪሎ ዳልተን ይናገራል። በሙቀት ጊዜ የሚነሣው ሲግማ 32 ሲሆን የሚያነባቸው ምልክቶች ከሲግማ 70 የተለዩ ናቸው። እስከዚህ ድረስ የተማሩት ነው።

አሁን ባክቴሪያው ያለበትን ጠርሙስ ከ30 ዲግሪ ወደ 42 ዲግሪ ያዛውሩት። ሙቀቱ ቀድሞ የሚጎዳው ፕሮቲኖችን ነው። ፕሮቲን ሥራውን የሚሠራው በአግባቡ ሲታጠፍ ነው፤ ሙቀት እጥፋቱን ይፈታዋል፣ የተፈታው ደግሞ እርስ በርሱ ይጣበቃል። እንቁላል ሲቀቀል ነጩ የሚረጋው በዚሁ ምክንያት ነው። ባክቴሪያው እንደ እንቁላሉ እንዳይረጋ የሚጠብቁ፣ እኔ ሞግዚት የምላቸው ፕሮቲኖች አሉ፤ ከዋነኞቹ አንዱ እርስዎ ሊለኩት ያሰቡት ዲናኬ ነው። ዲናኬ የተፈታ ፕሮቲን ሲያገኝ ይይዘውና ከረዳቶቹ ጋር ሆኖ እንደገና እንዲታጠፍ ዕድል ይሰጠዋል።

ሰላም በሆነ ጊዜ፣ የተፈታ ፕሮቲን በማይበዛበት ሰዓት፣ ዲናኬ እጁን አጣምሮ አይቀመጥም። ሲግማ 32ን ይይዛል። የተያዘው ሲግማ ፖሊሜሬዙ ጋር አይደርስም፤ በሴሉ ሽፋን ላይ ተተክሎ ለሚጠብቀው ኤፍቲኤስኤች ለተባለ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም ይዳረጋል። በዚህ የተነሣ የሲግማ 32 ግማሽ ዕድሜ (ካለው ግማሹ የሚጠፋበት ጊዜ) አንድ ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። በ30 ዲግሪ በአንድ ሴል ውስጥ የሚገኙት በአሥሮች የሚቆጠሩ ናቸው፤ ከ2 ሚሊዮን በላይ ፕሮቲኖች በያዘ ሴል ውስጥ ይህ ከምንም አይቆጠርም።

ገጠር ያደገ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። ላሟ ስትታለብ ጥጃውን የሚይዝ ልጅ አለ። ጥጃው ወደ እናቱ ጡት ይታገላል፣ ልጁ ይጎትተዋል። በዚህ መሐል ከጎረቤት «እሳት! እሳት!» የሚል ኡኡታ ይሰማል። ልጁ ጥጃውን ለቅቆ ይሮጣል። ጥጃው እንዲጠባ ያዘዘው የለም፤ ያዡ ስለሄደ ጠባ። እሳቱ ሲጠፋ ልጁ ይመለሳል፣ ጥጃውም ከጡቱ ይላቀቃል። ልጁ ዲናኬ ነው፣ ጥጃው ሲግማ 32፣ እሳቱ በሙቀት የተፈቱት ፕሮቲኖች። ዲናኬ ወደ እነሱ ሲሮጥ ሲግማው ከእጁ ያመልጣል።

ምሳሌው የሚያነክሰው አንድ ቦታ ላይ ነው። በባክቴሪያው ቤት ጥጃው በጠባ ቁጥር ያዥ ልጆች ይወለዳሉ። ሲግማ 32 ከሚያስነብባቸው ጂኖች መካከል የዲናኬና የኤፍቲኤስኤች ራሳቸው ይገኙበታልና። ያመለጠው ሲግማ የሚያበዛው መልሰው የሚይዙትንና የሚቆራርጡትን ነው። ጉዳቱ ተጠግኖ ሞግዚቶቹ ሲተርፉ ወዲያውኑ ይታሰራል። «በቃ፣ አቁሙ» የሚል የተለየ ትእዛዝ አያስፈልግም።

«ተረቱ ጥሩ ነው፣ ማስረጃውስ?» ቢሉኝ መብትዎ ነው። የመጀመሪያው ማስረጃ ዲናኬ የተበላሸበት ባክቴሪያ ነው፤ ምላሹን በወጉ መዝጋት ያቅተዋል፣ ሲግማ 32ም ይበዛበታል። ሁለተኛውን አብልጬ እወደዋለሁ። ሙቀቱን ሳይነኩ ባክቴሪያው ላይ አልኮል ቢጨምሩበት፣ ወይም በቅጡ የማይታጠፍ ባዕድ ፕሮቲን በብዛት እንዲያመርት ቢያስገድዱት፣ የሙቀቱ ምላሽ ይነሣል። ሙቀት የለም፤ የተፈታ ፕሮቲን ግን አለ። ባክቴሪያው የሚለካው የአየሩን ሙቀት ሳይሆን በገዛ ቤቱ የደረሰውን ጉዳት ነው ማለት ነው። ጉዳቱ ራሱ መልእክተኛ ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ ራሴን በጥቂቱ ማረም አለብኝ፤ ሙቀቱን በቀጥታ የሚለካ አንድ ነገር አለና። የሲግማ 32 መልእክተኛ አር ኤን ኤ፣ ማለትም ከጂኑ የተገለበጠው ቅጂ፣ ራሱ ቴርሞሜትር ነው። በ30 ዲግሪ በራሱ ላይ ተጣጥፎ ቅጂውን አንብቦ ፕሮቲን የሚሠራው ራይቦሶም የሚያርፍበትን ቦታ ይሸፍነዋል። ሙቀቱ ሲጨምር እጥፋቱ ይላላል፣ ራይቦሶሙም ይገባል። መልእክቱ ቀድሞም ተጽፎ የተቀመጠ ነው፤ ሙቀቱ ፖስታውን ይከፍተዋል። እንግዲህ ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ ይሆናሉ፤ ሲግማው በብዛት ይመረታል፣ የተመረተውም አይገደልም። ከ30 ወደ 42 ዲግሪ በተዛወረ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሲግማ 32 መጠን ከ15 እስከ 20 እጥፍ ያድጋል። ከዚያ ይወርድና ከቀድሞው ትንሽ ከፍ ባለ ደረጃ ይረጋል። ይህችን የአምስት ደቂቃ ነገር ያዙልኝ፤ መጨረሻ ላይ እመለስባታለሁ።

ሠርቶ መግደል ብክነት አይደለም ወይ? ይመስላል። ነገር ግን ኢ. ኮላይ ሲመቸው በ20 ደቂቃ ራሱን የሚያባዛ ፍጡር ነው። ከዜሮ ተነሥቶ ጂን መገልበጥ፣ መተርጎም፣ ፕሮቲኑ እስኪበዛ መጠበቅ ውድ ደቂቃዎችን ይወስዳል፤ ሙቀቱ ግን አይጠብቅም። በየደቂቃው ጥቂት ሲግማ ሠርቶ መጣል የሚያስከፍለው ዋጋ ከዚህ መዘግየት ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። የላክ ኦፔሮን (የወተት ስኳር ሲገኝ የሚነበቡት የኢ. ኮላይ ጂኖች) ትምህርት በዚህ በኩል ያሳስተናል ብዬ አምናለሁ። ፈረንሳውያኑ ሳይንቲስቶች ዣኮብና ሞኖ እ.ኤ.አ. በ1961 ያሳዩት ታላቅ ግኝት ነው፤ ነገር ግን ተማሪው የጂን ቁጥጥር ማለት ዲ ኤን ኤ ላይ ተቀምጦ በር የሚዘጋ ፕሮቲን ብቻ እንዲመስለው ያደርጋል። መከራ ሲመጣ ትልቁ ሥራ የሚሠራው ከዲ ኤን ኤው ርቆ፣ በአር ኤን ኤ እጥፋትና በፕሮቲን ዕድሜ ላይ ነው።

ረሃብም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። የረሃቡ ሲግማ፣ ሲግማ ኤስ፣ ባክቴሪያው ጠግቦ በሚያድግበት ጊዜ ዕድሜው ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው፤ አንድ አቀባይ ፕሮቲን እየያዘ ክሊፕ ለተባለ ቆራጭ ያስረክበዋል። ግሉኮስ ሲያልቅ መቆረጡ ይቆማል፣ ሲግማ ኤስም ይከማቻል፤ ከጂኖቹ አንድ አሥረኛ ያህሉን በቀጥታም በተዘዋዋሪም ይነካል። ፎስፌት ሲያልቅ ደግሞ አቀባዩን ራሱን አንቆ የሚይዝ ሌላ ትንሽ ፕሮቲን ይመረታል። ብርድ ሲሆን ዲኤስአርኤ የተባለች አጭር አር ኤን ኤ የሲግማ ኤስን መልእክት ከእጥፋቱ ትፈታዋለች። መከራው ይለያያል፣ መግቢያ በሩም ይለያያል፤ ሁሉም ግን የሚገናኙት እዚያው ሲግማ ኤስ ላይ ነው።

በረሃብ ጊዜ ሲግማ ብቻውን አይበቃም፤ ፖሊሜሬዝ መለቀቅ አለበት። ፈጥኖ በሚያድግ ባክቴሪያ ውስጥ ከሚመረተው አር ኤን ኤ ከግማሽ በላዩ ለራይቦሶም መሥሪያ የሚውል ነው። ምግብ በሌለበት ራይቦሶም መሥራት ደግሞ እህል በሌለበት ወፍጮ መትከል ነው። ይህን የሚያስቆመው ነገር የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ማይክል ካሽልና ጆናታን ጋላንት የተራበ ኢ. ኮላይን ንጥረ ነገሮች ለይተው ሲመለከቱ፣ በጠገበው ላይ የማይታዩ ሁለት ነጥቦች አገኙ፤ «አስማተኛ ነጥቦች» ተባሉ። ዛሬ ፒፒጂፒፒ የምንላቸው ሞለኪውሎች ናቸው። አመራረታቸው ደስ ይላል። አሚኖ አሲድ ተሸካሚው አር ኤን ኤ ባዶ እጁን ራይቦሶም ውስጥ ሲገባ፣ ሬልኤ የተባለ ኢንዛይም እዚያው ነቅቶ ፒፒጂፒፒን ያመርታል። እዚህም ዳሳሹ የሥራው ቦታ ራሱ ነው፤ እህል ማለቁን የሚያውጀው ወፍጮው ነው። ፒፒጂፒፒ ኢ. ኮላይ ውስጥ ፖሊሜሬዙ ላይ ተለጥፎ የራይቦሶም ጂኖችን ንባብ ያዳክማል። ባሲለስ ሰብቲለስ የተባለው ሌላ ባክቴሪያ ግን ወደዚያው ውጤት የሚደርሰው በሌላ መንገድ ነው፤ ከአር ኤን ኤ መሥሪያዎቹ አንዱ የሆነውን ጂቲፒን በማሳነስ። የአንዱን ባክቴሪያ ታሪክ ለሁሉም ማውረስ አይገባም የምለው ለዚህ ነው።

የዲ ኤን ኤ ጉዳት ሲደርስ የሚሆነው ተገላቢጦሽ ነው። እዚህ የሚገደለው አዛዡ ሳይሆን ከልካዩ ነው። ሌክስኤ የተባለ ፕሮቲን ከ40 በላይ በሚሆኑ የጥገና ጂኖች በር ላይ ተቀምጦ ይከለክላል። ዲ ኤን ኤው ሲበላሽ ነጠላ ክር ይጋለጣል፤ ሬክኤ የተባለ ሌላ ፕሮቲን በክሩ ላይ ይጠመጠማል፤ ሌክስኤ ይህን ጥምጣም ሲነካ ራሱን በራሱ ይቆርጣል። ሚሮስላቭ ራድማን ይህን ምላሽ በ1970ዎቹ የሰየመው በመርከበኞች የድረሱልኝ ጥሪ፣ በኤስኦኤስ ነው። ሥርዓቱ ቅደም ተከተልም አለው። ሌክስኤ በደካማው የያዛቸው ጂኖች ቀድመው ይለቀቃሉ፤ እነዚህ ቆርጠው በጥንቃቄ የሚጠግኑ ናቸው። አጥብቆ የያዛቸው መጨረሻ ላይ ይለቀቃሉ፤ ከእነሱም መካከል ፊደል እያሳሳተም ቢሆን ክፍተቱን የሚሞላ ኢንዛይም አለ። ጥንቁቁ ጠጋኝ ካልቻለ ነው ግዴለሹ የሚጠራው።

ኦክስጅን ወለድ ጉዳትን በአንድ ዐረፍተ ነገር ልለፈው፤ ኦክሲአር በተባለው ፕሮቲን ላይ ያሉ ሁለት የሰልፈር ጫፎች በሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ሲቃጠሉ እርስ በርስ ይተሳሰራሉ፣ የፕሮቲኑም ቅርጽ ተለውጦ የመከላከያ ጂኖችን ያስነሣል።

ወደ መድኃኒቱ እንምጣ። መልሴ «አይደለም፣ ግን ዘመድ ናቸው» የሚል ነው። እስካሁን የነገርኩዎት ሁሉ ጊዜያዊ ነው። የዲ ኤን ኤው ፊደል አልተለወጠም፤ የሚነበበው ገጽ ነው የተለወጠው። መከራው ሲያልፍ ባክቴሪያው ወደነበረበት ይመለሳል። መድኃኒት መለማመድ የምንለው ግን ፊደሉ ሲለወጥ ወይም አዲስ ጂን ከውጭ ሲገባ ነው፤ ለልጅም ይተላለፋል። ጆሴፍ ቢገር እ.ኤ.አ. በ1944 ስታፊሎኮከስን በፔኒሲሊን ሲገድል ጥቂቶች እንደሚተርፉ፣ የተረፉትን አሳድጎ ዳግም ፔኒሲሊን ሲያጠጣቸው ግን እንደ ወላጆቻቸው እንደሚሞቱ አሳይቷል። የተረፉት የተለየ ፊደል ስላላቸው ሳይሆን መድኃኒቱ ሲመጣ እንቅልፍ ላይ ስለነበሩ ነው። ፔኒሲሊን የሚገድለው የሴሉን ግድግዳ እየሠራ ያለውን ባክቴሪያ ነውና።

ለዚህ ልዩነት በጤና ተቋሞቻችን የምናውቀው ጥሩ ማሳያ አለ። ሪፋምፒሲን፣ ያ የቲቢ ታማሚውን ሽንት ብርቱካንማ የሚያደርገው መድኃኒት፣ የሚይዘው አር ኤን ኤ ፖሊሜሬዝን ራሱን ነው፤ መገልበጫው ገና ጥቂት ፊደላት እንዳወጣ ይታነቃል። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው ምርመራ በዚያ መሣሪያ ጂን ላይ የፊደል ለውጥ መኖሩን ይፈልጋል። ለውጥ ካለ ባክቴሪያው ሪፋምፒሲንን ተላምዷል ይባላል። ነገር ግን የቲቢ ባክቴሪያ ኦክስጅን ሲያጥረው ዶስአር በተባለ ተቆጣጣሪ አማካይነት ወደ 50 የሚጠጉ ጂኖችን አስነሥቶ እድገቱን ገትቶ ሊቆይ ይችላል። ፊደሉ ስላልተለወጠ ጂን ኤክስፐርት እንዲህ ያለውን አይለየውም። የተለመደው የቲቢ ሕክምና ስድስት ወር የሚፈጅበት አንዱ ምክንያት በዝግታ የሚያድጉትንና የተኙትን መጠበቅ ስላለብን ነው።

ዘመድ ናቸው ያልኩት ደግሞ ለዚህ ነው። እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲን ያሉ መድኃኒቶች ዲ ኤን ኤን ስለሚሰብሩ ኤስኦኤስን ያስነሣሉ፤ ያ ግዴለሽ ጠጋኝም ፊደል ያሳስታል። አብዛኛው ስሕተት ይጎዳል ወይም ምንም አያመጣም፤ አልፎ አልፎ ግን አንዱ ከመድኃኒቱ የሚያስመልጥ ይሆናል። ባክቴሪያው አስቦበት አይደለም።

አሁን የመመረቂያ ሥራዎ። ሐሳቡ ደህና ነው፤ 30 ደቂቃው ግን ያበላሽብዎታል። ምላሹ ጫፍ ላይ የሚደርሰው በመጀመሪያዎቹ አምስትና አሥር ደቂቃዎች ነው። በ30ኛው ደቂቃ የዲናኬ መልእክተኛ አር ኤን ኤ ወርዶ ረግቷል፤ «ሙቀት ብዙም ለውጥ አያመጣም» ብለው ሊጽፉ ነው። የዲናኬ ፕሮቲን ራሱ ግን ዕድሜው ረጅም ስለሆነ ተከማችቶ ይቆያል፤ ፕሮቲኑን የሚለኩ ከሆነ 30 ደቂቃው ችግር የለውም። አር ኤን ኤውን ከሆነ ከመዛወሩ በፊት አንድ፣ ከዚያ በ2፣ በ5፣ በ10፣ በ20 እና በ40 ደቂቃ ናሙና ይውሰዱ። ባክቴሪያውን ከ37 ሳይሆን ከ30 ዲግሪ ያስነሡት፤ ዝላዩ በሰፋ ቁጥር ምላሹ ይጎላል። ጠርሙሱን አየር ማሞቂያ ውስጥ ሳይሆን እያወዛወዙ ውሃ ማሞቂያ ውስጥ ይንከሩት፤ በአየር ሲሞቅ 42 እስኪደርስ አምስቱ ደቂቃ ያልፋል። ፕላዝሚድ (ትንሽ ቀለበት መሰል ዲ ኤን ኤ) ለማስገባት 42 ዲግሪ ላይ ለ45 ሰከንድ ያህል የምናደርገውን «የሙቀት ድንጋጤ» ከዚህ ጋር አያምታቱ፤ የዚያ ዓላማ ዲ ኤን ኤ ማስገባት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከራሴ ኪሳራ ልንገርዎ። በጀማሪነቴ ናሙናዎቹን በበረዶ ላይ አድርጌ፣ ማሽከርከሪያው ሌላ ክፍል ስለነበር በረጅሙ ኮሪደር ይዣቸው ሄድኩ፤ ወረፋም ጠበቅሁ። ውጤቱ ሲወጣ የሙቀቱ ጂኖች ደብዝዘው የብርድ ጂኖች ደምቀዋል። ለሳምንት ያህል ትልቅ ግኝት ላይ የደረስኩ መስሎኝ ነበር። ለካ የለካሁት ኮሪደሩን ነው። የባክቴሪያ መልእክተኛ አር ኤን ኤ ዕድሜው ጥቂት ደቂቃዎች ነው፤ በረዶም ለእሱ ሌላ መከራ ነው። ስለዚህ ናሙናው ከጠርሙሱ በወጣበት ቅጽበት አር ኤን ኤውን የሚያረጋ ኬሚካል ላይ ይገልብጡት፤ ኬሚካሉን በየቱቦው አስቀድመው ለክተው ይደርድሩት፣ በየቱቦው ላይም ደቂቃውን ይጻፉ። የ2 ደቂቃውን ናሙና እየወሰዱ የ5 ደቂቃውን ቱቦ መፈለግ አይቻልምና፣ ሰዓት የሚይዝልዎ አንድ ጓደኛ ይጥሩ።